ከግራ ካሕሱ ቁልቁለት እስከ ሮቢት፤ ስለ መኪና የሚነገሩ የስሕተት ወሬዎች

የአገራችን ሰው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላል። የሰማነውን ሁሉ ሳንመረምር እውነት ነው ብለን የተቀበልን እንደ ሆነ፥ ወሬው ስለ ሰው ጠባይ ቢሆን ወዳጅነትን ያጠፋል፤ ስለ ንግድ ቢሆን ገንዘብን ያጠፋል፤ ስለ መኪና ቢሆን ግን ነፍስን ያጠፋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ መኪና አያያዝና ስለ አነዳድ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የሚኖሩትን ወሬዎች እያነሣን፥ እውነቱን ከስሕተቱ ለይተን ለመጻፍ አስበናል።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ የመኪናው አሠራር እጅግ ተለወጠ፤ ለሾፌሩ የሚሰጠው ምክር ግን ብዙው ሳይለወጥ ቀረ። በድሮው ሞተር ዘንድ እውነት የነበረው ነገር በዛሬው ሞተር ዘንድ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ወሬ ደግሞ ድሮም ቢሆን እውነት አልነበረም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣንን ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። በሐምሌ ወር ለለቅሶ ከኮረም ወደ ሮቢት በአንድ ዘመዳችን መኪና እንሄድ ነበር። ከእኛ ጋር ባለቤታችንና የእኅታችን ልጅ ነበሩ፤ የእኅታችንም ልጅ ዓመት ያህል የሆነውን ሕፃኗን ታቅፋ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሾፌሩ ትሕትና ያለው፥ አነጋገሩም የለሰለሰ የራያ ልጅ ነው። ኮረምን አልፈን የግራ ካሕሱን ቁልቁለት መውረድ በጀመርን ጊዜ ማርሹን ወደ ዜሮ መለሰው። መኪናውም እንደ ተፈታ በቅሎ በገዛ ክብደቱ ይወርድ ጀመር።

«ልጄ፥ ማርሹን ስለ ምን አወጣኸው?» ብለን ጠየቅነው።

«አብሽሩ ጋሼ፤ ቁልቁለት አይደል? በዜሮ ብንወርድ እስከ አላማጣ ድረስ ነዳጅ አንፈጅም። እኔን ያስተማረኝ ሰው በዚህ መንገድ ስንት ዘመን ሲመላለስ እንደዚህ ነው የሚወርደው» አለን።

እኛም መንገዱን ያውቀዋል ብለን ዝም አልን፤ ጥፋታችንም ይህ ነው። ከብዙ ጠመዝማዛ በኋላ ባለቤታችን «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች። ወዲያውም ሾፌሩ ፍሬኑን ቢረግጠው እግሩ ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ሰመጠ፤ ፊቱም ተለወጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በጊዜው ነቅቶ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠና ማርሹን እያስገባ፥ በሁለተኛ ማርሽ አዝግሞ ከመንገዱ ዳር ሰፋ ካለ ስፍራ በተራራው በኩል አቆመው። ወርደን ብናይ ከፊት ጎማዎች ውስጥ ጢስ ይወጣል። በጎማው ሥር ድንጋይ ከደገፍን በኋላ ሾፌሩ ውሃ ሊያፈስበት ቢል ከለከልነው፤ የጋለ ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ቢነካው ሊሰነጠቅ ይችላልና። በገዛ እጁ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር፤ እናቱ ግን እስክንነሣ ድረስ ቃል አልተናገረችም።

እንግዲህ የነገሩ ምስጢር ይህ ነው። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ አላማጣ ግን 1,500 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መኪናው በጥቂት ጊዜ ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቹ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ ከ50 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። መኪናው በማርሽ ሲወርድ ከዚህ ኃይል ብዙውን ሞተሩ ይይዘዋል። በዜሮ ሲወርድ ግን ነፋሱና መንገዱ ከሚወስዱት ጥቂት በቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የፍሬኑም ዘይት ይፈላል፤ በፈላም ጊዜ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር፥ ሾፌሩ ቢረግጥ እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ጎማውን አይዝም።

በዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ያህል ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ «ዘይቱ ካልጎደለ መለወጥ አያሻውም» የሚባለው ወሬ ስሕተት ነው። ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባዋል፤ ይልቁንም እንደ ግራ ካሕሱ ባለ ቁልቁለት ለሚመላለስ መኪና።

ስለ ነዳጁስ ቢሆን ወሬው እውነት ነውን? በካርቡራተር ይሠራ በነበረው በድሮው ሞተር ዘንድ ጥቂት እውነት ነበረበት። ዛሬ ግን ነዳጅ በኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ የሚረጭለት ሞተር፥ ማርሽ ገብቶ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ፥ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው መሽከርከር ነውና። በዜሮ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ሾፌራችን ቆጠብሁ ባለበት ሰዓት ነዳጅ ያባክን ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። ይህስ የባሰ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ለመሪውና ለፍሬኑ የሚሰጠው እርዳታ ይቋረጣል፤ ቁልፉም ከወጣ መሪው ሊቈለፍ ይችላል።

በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ አንባቢዎች አሉን። ለነርሱም ነገሩ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በማርሽ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ በዜሮ ሲወርድ ግን ይህን ጥቅም ያጣል። ዳሩ ግን ባትሪው አስቀድሞ የሞላ እንደ ሆነ ኃይሉን የሚያኖርበት ስፍራ ስለማይኖረው፥ በዚህ መንገድ የሚይዘው እየቀነሰ ይሄዳልና ከተራራ ላይ ሲነሡ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

የሆነ ሆኖ አላማጣ ደረስን፤ ዋጃንና ቆቦንም አልፈን ወደ ሮቢት አቀናን። በሜዳው ሙቀት ጊዜ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሣ። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር አቁሞ ከጎማዎቹ ንፋስ ሊያስተነፍስ ወረደ። «ሙቀት ሲሆን ንፋሱ ስለሚያብጥ ጎማው እንዳይፈነዳ መቀነስ ነው» አለን። ነገሩ ለጆሮ የሚስማማ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማው ንፋስ የሚጨምረው ከ1 እስከ 2 ፒ ኤስ አይ ብቻ ነው፤ ጎማውም ሲሠራ ይህ ታስቦለታል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ግን በያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ የውስጡን ክር ከላስቲኩ ይለየዋል፤ በመጨረሻም እፈራው የነበረው ፍንዳታ ይደርስበታል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ልኩም በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቍጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም።

«ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደኅና ነው» የሚሉም አሉ። ላስቲክ ግን በዕድሜም ይደርቃል፤ ፀሐይ በሚበረታበት ቆላ ደግሞ ይፈጥናል። በጎማው ጎን ላይ አራት ቍጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ የፊተኞቹ ሁለት የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለት የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ያመለክታሉ። 2319 የሚል ቢገኝ በ2019 የፈረንጅ ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አሮጌ ጎማ ገዝቶ ቤተ ሰቡን የሚያሳፍር አባወራ ጎሚስታውን ከማመኑ በፊት ይህን በዓይኑ ይይ።

ስለ ራዲያተር ውሃም ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው «በእኛ አገር በረዶ ስለሌለ ኩላንት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የወንዝ ውሃ ይበቃል» የሚለው ነው። ኩላንት ግን ብርድን ብቻ የሚከላከል አይደለም፤ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ብረቱም እንዳይዝግ ይጠብቃል። የወንዝ ውሃ ግን በድስት ቂጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት በቧንቧዎቹ ውስጥ ያበቅላል። በቆላው ከፍታ ተራ ውሃ በ95 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ በራዲያተር ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ከዚህ የሁለተኛው ወሬ ስሕተት ይገለጻል፤ ይኸውም «ሞተር ሲግል ፈጥነህ ክዳኑን ክፈትና ቀዝቃዛ ውሃ ጨምር» የሚለው ነው። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ የታፈነው ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ከፋቹ ፊት ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት ፊቱና እጁ የተቃጠለ ብዙ ነው። ቀዝቃዛውም ውሃ የጋለውን የሞተር ራስ ሊሰነጥቀው ይችላል። የሚገባው ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ራዲያተሩ ለእጅ እስኪበርድ ድረስ መታገሥ ነው።

ሮቢት ደርሰን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ለቅሶው ቤት ስንሄድ አንድ ደረቅ ወንዝ አገኘን። ሰማዩ በላያችን ጥርት ያለ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ግን በደመና ጠቍሮ ነበር። ውሃው ገና ቀጭን ቢሆንም ቀለሙ ደፍርሶ፥ ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ «መኪናችን ከባድ ስለ ሆነ አይወስደውም፤ ቶሎ እንለፍ» አለ። በዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፥ ቁም፤ ደጋው ዘንቧል» አሉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፥ ድንጋይ እያንኳኳ ይወርድ ነበር።

እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት የራያ ቆላ ወንዞች ከደጋው የሚወርዱ ስለ ሆኑ፥ በሜዳው አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ሊሞሉ እንደሚችሉ የአገሩ ሰው ያውቃል። መኪና ከባድ ስለ ሆነ ውሃ አይወስደውም የሚለው ወሬ ግን ብዙዎችን ያታልላል። መኪና ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። የሚፈስስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲኖረው ትንሹን መኪና ሊያነሣው ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትልልቆቹንም ሳይቀር ይወስዳል። ይህም ከጉልበት ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ውሃ ነው። ስለዚህ ወንዝ ሲሞላ መጠበቅ ነው እንጂ የመኪናን ጕልበት ማመን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የሕፃኑ ነገር ነው። ወንዙ እስኪጎድል ስንጠብቅ ባለቤታችን የእኅታችንን ልጅ «ቀበቶ እንኳ አላሰርሽም፤ ሕፃኑንም ከፊት ይዘሽው ተቀመጥሽ» ብትላት፥ «እቴቴ፥ እኔ አጥብቄ ይዤዋለሁ፤ ከእናት እጅ የሚሻል ምን አለ?» ብላ መለሰች። ይህን ቃል ያልተናገረች እናት በአገራችን ጥቂት ናት። ዳሩ ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በቆመ ጊዜ፥ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለዓይን ጥቅሻ ያህል 200 ኪሎ የሚከብድ ያህል ሆኖ ከእቅፍ ይወጣል። ይህን ሊይዝ የሚችል የሰው ክንድ የለም፤ የእናት ፍቅርም ቢሆን ክንድን ብረት አያደርገውም። እናቲቱ ራስዋ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ በሕፃኑ ላይ ትወድቅበታለች። ስለዚህ ለሕፃን ተብሎ የተሠራውን ወንበር ገዝቶ በኋላ በኩል ማሰር ይገባል። የሌለው ሰው ቢኖር ከፊት ከማስቀመጥ ከኋላ ማስቀመጥ ይሻላል፤ እናቲቱም በመጀመሪያ የራስዋን ቀበቶ ትሰር፤ አንዱንም ቀበቶ ለሁለት አታድርገው።

«ለቅርብ መንገድ ቀበቶ አያስፈልግም» የሚሉ ሹማምንትም አይተናል። አደጋ ግን የመንገዱን ርዝመት አይጠይቅም። «አደጋ ሳይ አስረዋለሁ» ለሚለውም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ቃል መልስ ይሆነዋል፤ አደጋ ከታየ በኋላ ለመታጠቅ ጊዜ የለምና።

ሌላው በመንገዳችን የሚሰማው ወሬ ስለ እንቅልፍ ነው። «ጫት የያዘ ሾፌር አይተኛም» ይባላል፤ «መስኮት ከፍቶ ነፋስ መቀበል ይበቃል» የሚልም አለ። ጫት የእንቅልፉን ስሜት ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም፤ ኃይሉም ባለቀ ጊዜ ድካሙ ከብዶ ይመለሳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ለ3 ሰኮንድ ብቻ ዓይኑ ቢከደን፥ መኪናው ያለ ነጂ ከ66 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለእንቅልፍ መድኃኒቱ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ መተኛት ከብዙ እስር ጫት ይሻላል። ሾፌር ያለው ጌታም ሌሊቱን ሲያስጠብቀው አድሮ ሲነጋ መንገድ እንሂድ ቢለው፥ በሚደርሰው ነገር ሾፌሩን ብቻ ሊወቅስ አይገባውም።

የቀሩትን ወሬዎች በአጭሩ እናመለክታለን። ጠዋት ሞተርን አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ማሞቅ ነዳጅ ማባከን ነው፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ፥ መጀመሪያ በዝግታ መንዳት ይበቃል። ተርቦ ያለው ሞተር ግን ረጅም ዳገት ወጥቶ ሲቆም አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ ቢቆይ መልካም ነው። የሞተር ዘይት መጥቈር ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ዘይቱ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ሥራውን ለመሥራቱ ምልክት ነውና፤ የሚለወጥበትን ጊዜ የሚወስነው የተሄደው ኪሎ ሜትርና የተቆየበት ጊዜ ነው። ወተት የቀላቀሉበት ሻይ የመሰለ እንደ ሆነ ግን ውሃ ገብቶበታልና ሳይነዱ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ነዳጅ በማለዳ ብርድ ቢቀዱት ይበዛል የሚሉትም፥ ማኖሪያው ከመሬት በታች ስለ ሆነ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ብዙ እንደማይለዋወጥ አላስተዋሉም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በመመለሻችን ግራ ካሕሱን ስንወጣ ሾፌራችን ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፥ ያስተማረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ» አለን። እውነቱን ነው። ክፉ ምክር ሁሉ ከክፉ ሰው አይመጣም፤ ብዙው ከሚወዱን ሰዎች የሚመጣ ስለ ሆነ ነው መመርመር የሚያስቸግረን። እኛም በዚያ ቁልቁለት ጠይቀን፥ የማይበቃ መልስ ሰምተን ዝም በማለታችን ከሾፌሩ ያነሰ ጥፋት የለብንም።

እንግዲህ ቤተ ሰቡን በመኪና የሚያሳፍር ሁሉ ይህን ያስብ፤ ቁልቁለት ሲወርድ፥ ዳገቱን ሊወጣበት በሚችለው ማርሽ ይውረድ፤ ንፋሱን ጠዋት ይለካ፤ የጋለ ራዲያተር አይክፈት፤ የሞላ ወንዝ አይድፈር፤ እንቅልፍ የያዘው አይንዳ፤ ሕፃን ከፊት አያስቀምጥ። በመኪናው ውስጥ የተቀመጠችውም እመቤት የሚቃጠል ነገር በሸተታት ጊዜ ሾፌሩ ያፍራል ብላ ዝም አትበል። በኛ ላይ የደረሰው በመልካም የተፈጸመው አንዲት ሴት ዝም ባለማለቷ ነውና።